ክፍያው በድምፅ ብልጫ ጸደቀ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከልጄ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይመጣል። የወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ጥሪ ነው፤ አጀንዳው የመጪው ዓመት በጀትና የትምህርት ክፍያ። ስብሰባው 30 ቀን ቀደም ብሎ ካልተነገረ፣ ከተገኙት ወላጆችም አብላጫው ካልተስማማ፣ ትምህርት ቤቱ አንዲት ራንድ ማስከፈል አይችልም። ሕግ ነው። የግል ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የመንግሥት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ዝም ብዬ ሳይ ቆየሁ። እኔ ሆሳዕና አካባቢ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የወላጅ ስብሰባ ብርቄ አይደለም። በእኛ ጊዜ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) ሲጠራ ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ያነባል፦ ለዴስክ ይህን ያህል፣ ለዘበኛ ይህን ያህል፣ ለአጥር ይህን ያህል። ፖሊሲው ትምህርት በነፃ ነው ይላል። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው ይባላል፤ ያልከፈለ ልጅ ግን ካርዱን ለመቀበል ይንከራተታል። ከዚያ አንድ አባት ተነሥተው ይመርቃሉ፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ማን ተስማማ፣ ማን ተቃወመ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ገንዘብ ያዡ ፕሮጀክተር ተክሎ በጀቱን በየመስመሩ ያስረዳል። አንድ አባት ተነሥቶ ስለ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ረጅም ክርክር ገጠመ፤ ተቀመጥ ያለው የለም። አንዲት እናት ደግሞ የዋና ገንዳው ጥገና ከቤተ መጻሕፍቱ ለምን ቀደመ ብላ ሊቀመንበሩን አፋጠጠችው። ከዚያ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ክፍያው በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ብዙ ምርጫ አይቻለሁ፤ ድምፄ ሲቆጠር በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ምን እንዳጸደቅን የገባኝ ውሎ አድሮ ነው። ከክፍያው ትልቁ ድርሻ ለመምህራን ደሞዝ ይሄዳል። መንግሥት በተማሪው ቁጥር ልክ መምህር ይመድባል፤ ከዚያ በላይ የሚፈለገውን መምህር የትምህርት ቤቱ ቦርድ በክፍያው ይቀጥራል። ስለዚህ የልጄ ክፍል 30 ልጅ አይሞላም። ሱቅ አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ፤ የልጅ ልጃቸው የሚማርበት ክፍል ከ50 ያልፋል። ሁለቱም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ አንድ፣ የበላዩ መሥሪያ ቤት አንድ፣ መካከላቸው የግማሽ ሰዓት የታክሲ መንገድ። ልዩነቱን በየዓመቱ የሚያድሰው ያ አዳራሽ ውስጥ የሚወጣው እጅ ነው፤ የእኔም እጅ ከውስጡ አለ፤ ዘንድሮም ይወጣል። ልጄን ለፖሊሲ ክርክር ብዬ 50 ልጅ መሐል አላስቀምጣትም። ይህን ካልኩ በኋላ ነው ስለ እኩልነት የምናገረው፤ እወቁልኝ።

ይህ አገር ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ሳያውቁ መፍረድ ደግሞ ነውር ነው። (የደቡብ አፍሪካን ዓመተ ምሕረት በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ።) በእኔ ዘመን የተማረ ሰው ሰኔ 9ን አይረሳም። የአፍሪካ ሕፃናት ቀን እያልን ሰልፍ ሜዳ ላይ ግጥም እናነብ ነበር። የሶዌቶ ተማሪዎች የተገደሉበት ቀን ነው ተብለናል፤ ለምን እንደተገደሉ ግን በወጉ የገባኝ እዚህ መጥቼ ነው። በ1953 የባንቱ ትምህርት ሕግ የሚባል ወጣ። ሕጉን ያቀረቡት ሄንድሪክ ፈርቩርድ ለጥቁር ልጅ በሥራ ላይ ለማያውለው ነገር ሒሳብ ማስተማር ምን ይጠቅማል ባይ ነበሩ፤ ይህንንም ምክር ቤት ቆመው ነው የተናገሩት። በ1970ዎቹ ለአንድ ነጭ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ጥቁር ተማሪ ከሚወጣው ከ10 እጥፍ በላይ ነበር። በ1976 ሒሳብና ማኅበራዊ ጥናትን በአፍሪካንስ ተማሩ የሚል ትእዛዝ ሲወርድ ልጆቹ ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ።

በ1994 ማንዴላ ሥልጣን ሲይዙ አንድ የትምህርት ሚኒስቴር አልነበረም። ለነጭ፣ ለሕንድ፣ ለክልስ፣ ለየሆምላንዱ (ለጥቁሮች ተከልሎ ለተሰጠው ግዛት) እየተባለ የተበጣጠሱ ከደርዘን በላይ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። እነሱን አፍርሶ አንድ ብሔራዊና 9 የፕሮቪንስ መሥሪያ ቤት ማድረግ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የተማሪዎች ምገባ ተጀመረ፤ ዛሬ ከ9 ሚሊዮን በላይ ልጆች ትምህርት ቤት ይበላሉ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ፣ ባቄላ፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ጎመን። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪ መመገብ ስትጀምር ዜናውን ያየሁት ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው። ፊታቸው በረሃብ ለገረጣ ልጆች የኒውተንን ሕግ ሳስተምር የኖርኩ ስለሆነ ለዚህ ዜና ትችት የለኝም።

ቁም ነገሩ የ1996ቱ የትምህርት ቤቶች ሕግ ላይ ነው። አዲሱ መንግሥት ሁሉም ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ ክፍት ይሁን አለ፤ ደግ። ለነጮች ብቻ የነበሩት ባለ ገንዳ፣ ባለ ሜዳ፣ ባለ ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤቶች ግን ምን ይሁኑ? በጀታቸውን ከድሃው ጋር ቢያስተካክሉት ያለው ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ግል ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚጮህ፣ ሚኒስትር የሚያስጨንቅ ሰው አይኖርም። ከውጭ የመጡ አማካሪዎች መከሩ፦ ወላጆች ራሳቸው ተስማምተው ክፍያ ይጨምሩ፣ መንግሥት የሚተርፈውን ገንዘብ ለድሃው ያድርግ። ተቀባይነት አገኘ።

ይህን ምክር ክፉ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። የእርስ በርስ ጦርነት አፋፍ ላይ የነበረ አገር ነው፤ ሀብታሙን ሳያስበረግጉ ድሃውን ለማንሣት የተደረገ ስሌት ነው። ከስሌቱም ውስጥ ጥሩ ነገር አለ። ክፍያው ከወላጁ ገቢ 10 በመቶውን ከያዘ ሙሉ በሙሉ ነፃ የመሆን መብት አለ፤ አልከፈለም ተብሎ ልጅ አይባረርም። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ቤቶች እንደ አካባቢው ድህነት በአምስት እርከን ተመድበው የታችኞቹ ክፍያ ቀረላቸው፤ ዛሬ ከ10 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 8 ያህሉ ነፃ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ድሃው ከመንግሥት የበለጠ በጀት ያገኛል። እኔ የማየው ግን መምህሩን ነው፤ ጥሩ መምህር ባለበት ሁሉ ይፈለጋል፣ ወላጅ የሚከፍልበት ሰፈር ደግሞ ይጠብቀዋል።

ሕጉ ለእኔም ደርሶልኛል። ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው። አንደኛ ክፍል ላስመዘግባት በቀረብኩበት ጊዜ የእኔ የጥገኝነት ፐርሚት ቀኑ አልፎበት ነበር፤ ኮሮና ነው፣ የኢሚግሬሽን ቢሮው ዝግ ነው፣ መንግሥትም ፐርሚቶቹ እንደተራዘሙ ይቆጠሩ ብሏል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ይህን ሁሉ ሰምታ «ሲስተሙ አይቀበልም» አለች። ስሙን አልጠራም። ቤት ገብቼ በዲሴምበር 2019 የማካንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሰጠውን ውሳኔ ፈልጌ አተምኩ። ፍርዱ ግልጽ ነው፦ ሰነድ ያለውም የሌለውም፣ የውጭ ዜጋም ሆነ የአገሩ፣ ማንኛውም ሕፃን የመማር መብት አለው፤ በሰነድ ምክንያት ከክፍል መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። አስምሬበት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ይዛ ወደ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ገባች፣ ቆየች፣ ስትወጣ ፎርም ይዛ ነበር። ልጄን በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት ነው ያስገባኋት፤ ያንን ቤት ጠላሁት። ግን ያን ቀን ስመለስ የአስተማርኳቸው የገጠር ልጆች አባቶች ትዝ አሉኝ። ካርድ የተከለከለባቸው። የትኛውን ወረቀት ይዘው ይመለሱ ነበር?

አብረውኝ የሚሠሩትን እናት አንስቼ አልጨረስኩም። ሰፈርተኛው ጎጎ (አያት) ይላቸዋል፣ እኔም ጎጎ ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይሉኛል፤ ይህን ያህል ዓመት አብረን ሠርተን ስሜን እያወቁት። የልጅ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ይመጣል። አራተኛ ክፍል ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል በዙሉ ተምሮ አራተኛ ላይ ሁሉም ትምህርት በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነበት። አንድ ቅዳሜ የዙሉ ማንበቢያ መጽሐፉን ይዞ መጣና አንብብ አሉት። አነበበ፣ እንደ ውኃ። እኔ ዙሉ ብዙ አልሰማም፤ ግን አነባበቡ ሳይደናቀፍ ስለፈሰሰ አጨበጨብኩለት። ጎጎ ግን ዝም ብለው ሰምተው፣ ስለ ምንድነው ያነበብከው አሉት። ልጁ መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ፣ የሰንላይት ሳሙናውን መደርደሪያ አየ። አያውቅም። ድምፁን እንጂ ነገሩን አላነበበም።

በ2021 የተደረገው ዓለም አቀፍ የንባብ ፈተና ውጤቱ ሲወጣ ከደቡብ አፍሪካ አራተኛ ክፍል ተማሪዎች 81 በመቶው አንብበው መረዳት አይችሉም ተባለ። ከዚያ በፊት በ2016 78 በመቶ ነበር። ጋዜጣው ሁሉ ጮኸ። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ አስቀድመው በ2019 በአሥር ዓመት ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ ሁሉ አንብቦ የሚረዳ ይሆናል ብለው ቃል ገብተው ነበር። እኔ 81 በመቶውን ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የዚያ ልጅ ዓይን ነው። በየቀኑ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ምሳ ይበላል፣ ዩኒፎርም አለው፣ አይከፍልም። በሩ ተከፍቶለታል።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? ባለሙያ ነኝ አልልም፤ ግን አንዱን ምክንያት እኔ በሌላ አገር ቆሜ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ እናገራለሁ።

አዲሱ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የአፓርታይድን ሽምደዳ ለመሻር ቸኩሎ በ1997፣ በሚኒስትር ሲቡሲሶ ቤንጉ ዘመን፣ ካሪኩለም 2005 የተባለ ሥርዓተ ትምህርት አወጣ። በ1998 አንደኛ ክፍል ላይ ተጀመረ። መንፈሱ ያማረ ነው፦ ተማሪው ይመራመር፣ መምህሩ አመቻች ይሁን፣ መጽሐፍ አይመለክ። ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ ልምድ ተቀድቷል። ነገር ግን ተመራመር የሚባለው ልጅ ቤተ መጻሕፍት ይፈልጋል፣ አመቻች የሚባለው መምህር ራሱ ጠልቆ የተማረ መሆን አለበት፣ መጽሐፍ አይመለክ የሚባለውም መጽሐፍ ላለው ነው። መምህራኑ የጥቂት ቀን ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ ለራሳቸው ለአሠልጣኞቹም ባልገባ ቃላት የታጨቀ ሰነድ ተሸክመው ተመለሱ። የቀድሞዎቹ የነጭ ትምህርት ቤቶች ተጠቀሙበት። የታውንሺፑ (ከከተማ ዳር ያለው የጥቁሮች ሰፈር) እና የገጠሩ ትምህርት ቤት ያችኑ የነበረችውን የመጽሐፍ ትምህርትም አጣ። በ2000 አዲሱ ሚኒስትር ካደር አስማል በሊንዳ ቺዝም የሚመራ ኮሚቴ አቋቁመው አስመረመሩ፤ ቋንቋው የተወሳሰበ፣ ሥልጠናው ያነሰ፣ የማስተማሪያው ቁሳቁስ የጎደለ ነው የሚል ሪፖርት ወጣ። በ2002 ተከለሰ፣ በ2012 ደግሞ እንደገና ተቀየረ። ጎጎ ይህን ሁሉ በአጭሩ ያስቀምጡታል፦ የመጀመሪያ ልጃቸው በአንድ መንገድ፣ ሁለተኛዋ በሌላ፣ የልጅ ልጃቸው በሦስተኛ መንገድ ነው የተማሩት።

አሁን ወደ ፕላዝማችን ልምጣ፤ እኔ ቆሜ ያየሁት እሱን ነው።

በ1997 ዓ.ም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ሊሰጥ ነው ተባለ። ሐሳቡ እኩልነት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። የአዲስ አበባው ልጅና የጉራፈርዳው ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ጥሩ መምህር ያዩ ዘንድ። ቴሌቪዥኑ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ይወስዳል፤ ለእኔ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ቀረችኝ። የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፣ ቁልፍ ያዥ ሆንኩ። ሰውዬው በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ጥያቄ ይጠይቅና «በጣም ጥሩ!» ብሎ ራሱ ይመልሳል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ ገጹ ተገልብጧል። አቁሙት፣ ድገሙት የሚባል ነገር የለም፤ ስርጭቱ ከሰማይ ነው የሚመጣው። መብራት ሲጠፋ ያ ክፍለ ጊዜ ጠፋ፤ ነገ የሚመጣው ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። ጄኔሬተር የነበራቸው ትምህርት ቤቶች ነዳጅ መግዣ ይለምናሉ፤ ያልነበራቸው ጥቁር መስታወት እያዩ ይቀመጣሉ። ከተማ ያለው ልጅ ማታ አስጠኚ ተቀጥሮለት ያመለጠውን ይይዛል። ልጆችን ሊያስተካክል የመጣው ሣጥን ልዩነቱን አሰፋው።

ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጆበርግ ገብቼ ባንክ ቤት ስሰለፍ ከመስኮቱ ጀርባ ያ የፕላዝማው መምህር አነጋገር ሲወጣ ሰማሁ፤ ሰውነቴ ማስታወሻ ደብተር ፈለገ።

ካሪኩለም 2005ን የጻፈው ሰውና ፕላዝማን ያዘዘው ሰው ቢገናኙ የሚግባቡ ይመስለኛል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ሰነዱን ሲጽፉ በሐሳባቸው የነበረው ክፍል መብራት አለው፣ መጻሕፍት አሉት፣ መምህሩ ዲግሪ አለው። ለውጥ በሚመጣበት ዘመን የሚሾም ሰው ደግሞ ቸኩሎ ነው የሚሾመው፤ አሮጌው ሥርዓት መሞቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማሳየት አለበት። ሥርዓተ ትምህርት መለወጥ ይታያል፣ ቴሌቪዥን መስቀል ይታያል። የአንደኛ ክፍል መምህር ፊደል እንዴት እንደምታስቆጥር ማሻሻል ዜና አይሆንም። ለውጥን የሚረዱ አገሮችና ድርጅቶችም ያው ናቸው፤ ሪባን ወዳለበት ይሄዳሉ። እኔ ማንኛውም የማሻሻያ ሰነድ ቢሰጠኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ 70 ልጅ፣ አንድ መምህርት፣ መብራት የለም፤ ይህ ወረቀት እዚያ ክፍል ውስጥ ሰኞ ጠዋት ምን ያደርጋል?

እዚህ አገር የወደድኩት ነገር ልጆቹ ራሳቸው ይህን ጥያቄ መጠየቃቸው ነው። ኬፕ ታውን አጠገብ ካየሊቻ ውስጥ በ2008 ኢኳል ኤጁኬሽን የሚባል እንቅስቃሴ ሲመሠረት መጀመሪያ ያነሡት ሕገ መንግሥት አልነበረም። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 500 የሚሆን የተሰበረ መስኮት ነበር፤ አስጠግኑልን ብለው ፊርማ አሰባስበው፣ ሰልፍ ወጥተው አስጠገኑ። ከዚያ መጻሕፍት ቤት ጠየቁ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ሲባል በትንሹ ምን ሊኖረው እንደሚገባ በደንብ ይጻፍልን ብለው መንግሥትን ፍርድ ቤት አቆሙ። በ2013 ደንቡ ወጣ፦ ውኃ፣ መብራት፣ ደኅና መጸዳጃ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ። ከወራት በኋላ ሊምፖፖ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ልጅ የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ደንቡ ወጣ ማለት ተሠራ ማለት አይደለም፤ ግን ወላጆቹ ደንቡን ይዘው ሊከሱ ቻሉ። በእኛ አገር መምህራንን አንድ ለአምስት አደራጅተው የሳምንት ሪፖርት ሲያስሞሉን፣ ስለ መስኮት ፊርማ ማሰባሰብ በማን አእምሮ ይመጣል? ሦስት መምህር ተሰብስቦ ስለ ደሞዝ ካወራ ስብሰባውን ማን ፈቀደ ይባል ነበር።

አገሬን ለማሳጣት አይደለም። በ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሲወጣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሦስት ሕፃናት አንዱ እንኳ ትምህርት ቤት አይደርስም ነበር። 3 ሚሊዮን ያልሞላው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ20 ዓመት ውስጥ 18 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በእኔ ቀበሌ ከእኔ ታላላቅ እህቶች መሐል አንዲትም ትምህርት ቤት አልዋለችም፤ ከታናናሾቼ ያልዋለች የለችም። ይህን ያደረገ ፖሊሲ ምስጋና ይገባዋል፤ በሐዲይሳ መማርንም ያመጣው እሱ ነው። ከዚያ የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ሆነ። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ኩረጃ ተዘግቶ ሲፈተኑ፣ 900 ሺሕ ከሚጠጉት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ሰው ሁሉ በሚኒስትሩ በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ላይ፣ አለዚያም በልጆቹ ላይ ተነሣ። እነዚያ ልጆች ግን የወደቁት 12ኛ ክፍል አይደለም፤ እንደ ጎጎ የልጅ ልጅ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ሳይረዱ እያነበቡ ነው ያለፉት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ማንም አይወድቅም የሚል መመሪያ ነበረን፣ ታስታውሳላችሁ። መምህር ሳይጨመርበት የተሰጠ ምሕረት።

ስለ ውጭ ርዳታ ስናወራ ሁለት ነገር ከልቤ አይወጣም። አንዱ ደሞዜ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት ካዝና የሚሰጡትን አቆሙ፤ በ1998 ዓ.ም ግን በሌላ ፕሮግራም በኩል ገንዘቡ ወደ ወረዳ ወርዶ ለመምህር፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያ ደሞዝ እንዲሆን ተደረገ። ሰው ላሰረ መንግሥት ገንዘብ ሰጣችሁ የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። የእኔም የወር ደሞዝ ከዚያ ውስጥ ስለነበረ ነው ክፍል የገባሁት፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም። አንዱንም ግን አልተውም፤ ደሞዝ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚዘጋው የገጠሩ ክፍል ነውና።

ሁለተኛው የንባብ መጻሕፍቱ ናቸው። በ2002 ዓ.ም የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲፈተን ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታየ። ከዚያ በአሜሪካ የልማት ድርጅት፣ በዩኤስኤአይዲ፣ ድጋፍ በሰባት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያ ተዘጋጀ። ከሰባቱ አንዱ ሐዲይሳ ነበር። እኔ ከአገር ከወጣሁ በኋላ ነው የደረሰው። አንደኛ ክፍል የምታስተምር ዘመዴ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ድምፁ ከፊደሉ፣ ፊደሉ ከቃሉ፣ ቃሉ ከታሪኩ ጋር ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ለመምህሯ ደግሞ ዛሬ ምን እንደምታደርግ ደረጃ በደረጃ ተጽፎላታል። የፈረንጅ አማካሪ ያልኮፈሰበት፣ ለተራ ክፍል የተጻፈ ነገር። ያ ድርጅት በፈረንጆቹ 2025 ተዘጋ። ዘመዴ መጻሕፍቱ አርጅተው ገጻቸው እየወለቀ እንደሆነ ነግራኛለች።

ለዚህ ነው እዚህ በጆበርግ የአገር ልጆች እድራችን ላይ ክርክር የገጠምኩት። ለተወለድንበት አካባቢ ትምህርት ቤት ገንዘብ እየሰበሰብን ነው፤ ጄፒ በሚባለው የገበያ ሰፈር ብርድ ልብስ ከሚሸጠው ጀምሮ ታውንሺፕ ውስጥ ሱቅ እስካለው ሁሉም አዋጥቷል። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ስማችን በእብነ በረድ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል። እኔ ያልኩት የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል የሐዲይሳ መጻሕፍት እናሳትም፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ ቤት ይዞት የሚሄድ፤ የተረፈው ለታችኛው ክፍል መምህራት ቤት መሥሪያ ይሁን፤ ሁለት ሰዓት በእግር እየሄደች የምታስተምር ሴት ዓመት አትቆይም። አንድ ታላቃችን፣ የማከብራቸው ሰው፣ «መምህር፣ መጽሐፍ እኮ ይቀደዳል» አሉኝ። ኮምፒውተሩስ ጋሼ፣ መብራት በሌለበት? አልኳቸው። ሳቁ፣ ግን አልተቀበሉኝም።

ድምፅ ይሰጥ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደማየው፣ ሒሳቡ በየመስመሩ ተነቦ፣ እጅ ወጥቶ ይቆጠር አልኩ። ተስማሙ። ቆጠራው ለእሑድ ነው፤ እስከ አሁን ባነጋገርኳቸው ሰዎች ግምት ኮምፒውተሩ ይበልጠኛል።